ጃማይካ ሰፈር፦ በመውደድና በመውሰድ መካከል

ሻሸመኔ የገባሁት ቀን መርጬ ነው። ሐምሌ 16 የአፄ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን በመሆኑ ንጉሡን እንደ አምላክ የሚያየው የራስተፈሪያን ማኅበረሰብ ከጥቅምት 23ቱ የዘውድ በዓል እኩል በድምቀት ያከብረዋል፤ እኔም ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዝሁት በዓሉን ለማየትና ሲከነክነኝ ለቆየ ጥያቄ እዚያው ባለቤቶቹ ዘንድ መልስ ለመፈለግ ነበር። የሌላውን ሕዝብ ባህል ወድዶና አክብሮ መያዝ እስከ የት ድረስ ነው፤ ነጠቃ የሚሆነውስ ከየት ጀምሮ ነው? ይህ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ነጮች ከጥቁሮች ስለወሰዱት ዜማ፣ ልብስና የፀጉር አሠራር ነው። ሻሸመኔ ላይ ግን ሰጪውም ተቀባዩም ጥቁር ስለሆነ፣ የቆዳ ቀለምን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ማኅበረሰቡ የሚኖርበት፣ ጃማይካ ሰፈር የሚባለው የሻሸመኔ ሰፈር ታሪክ የሚጀምረው ከጣሊያን ወረራ ነው። በዚያ የመከራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን የጥቁሮችን ድጋፍ ለኢትዮጵያ ለማሰባሰብ ኒው ዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። ለኢትዮጵያ በችግሯ ጊዜ ለደረሱላት የጥቁር ዘር ወገኖችም ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ሻሸመኔ ላይ አምስት ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ። ከዚያ በኋላ ሰው ከሞንትሴራት፣ ከጃማይካ፣ ከትሪኒዳድ፣ ከባርቤዶስና ከእንግሊዝ ሳይቀር መጣ። ኖኤል ዳየር የተባለው ጃማይካዊ በእነዚያ ዓመታት ከእንግሊዝ ተነሥቶ፣ ሰሐራን አቋርጦ፣ ብዙውን መንገድ በእግሩ ተጉዞ ነው የደረሰው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ማኅበረሰቡ የተሰጠውን መሬት አብዛኛውን አጣ፤ የሚሄደው ሄደ፣ የጸናው ደግሞ እዚያው ቀረ።

በዓሉን ያየሁት ናያቢንጊ የሚሉት የራስታዎች የከበሮና የጸሎት ሥርዓት በሚፈጸምበት፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ በተቀባው ክብ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ሸፍነዋል፤ ወንዶቹ በተቃራኒው ቆባቸውን አውልቀው ድሬድ የሚባለውን ረጅም የተገመደ ፀጉራቸውን ትከሻቸው ላይ ለቀውታል። ከሦስቱ ከበሮዎች ትልቁ፣ ባስ የሚሉት፣ በከባዱ ሲመታ ከእግር ሥር ወለሉ ይሰማል፤ ፈንዴው ያንኑ ምት ሳያዛንፍ ይይዛል፤ ሪፒተሩ ደግሞ በላያቸው ላይ እንደ ልቡ ይናገራል። “ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች” የሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ሲዘመር ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወዲያው ደግሞ ጸሎቱ ወደ ንጉሡ ሲዞር፣ በኦርቶዶክስ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና ውስጤ ተቃወመ። ሁለቱም ስሜቶች እውነተኛ ነበሩ፤ አንዱን ለሌላው ብዬ መደበቅ አልፈልግም።

ከሥርዓቱ በኋላ ከትሪኒዳድ በወጣትነታቸው መጥተው እዚህ ያረጁ አንድ አዛውንት ወንበር ሰጡኝ፤ እኔም ሳልሸሽግ ጠየቅኋቸው። “አባባ፣ እኛ በሰውነታቸው የምናውቃቸውን ንጉሥ እናንተ አምላክ ስትሏቸው አንዳንዱ ሰው ቅር እንደሚለው ያውቃሉ?”

“አውቃለሁ፣ ልጄ” አሉኝ፤ አማርኛቸው ገበያ ውስጥ የተማሩት በመሆኑ ፈጣንና ያልተሽሞነሞነ ነው። “አባቶቻችንን በመርከብ ጭነው ሲወስዷቸው ስማቸውን ቀሟቸው፣ ቋንቋቸውን ቀሟቸው፤ በመጨረሻም ጌታቸውን የሚመስል አምላክ ሰጧቸው። አንድ ጥቁር ሰው ዘውድ ሲጭን በጋዜጣ ያዩ ቀን ነው ቀና ብለው የሄዱት። እኔ ይህን ይዤ መጣሁ፤ ዕድሜዬንም እዚሁ ጨረስኩ። እናንተ ደግሞ ‘ልክ አይደለህም’ የማለት መብት አላችሁ።”

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለእኔ ከሁሉም በላይ ነው። የሌላውን ቅርስ የያዘ ሰው በባለቤቱ ፊት ቆሞ መጠየቅን ከተቀበለ፣ ባለቤቱ ባይስማማ እንኳ የያዘውን ነጠቃ ልለው አልችልም። መጠየቁ ግን ቀላል አይደለም። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ጭሰኛ ሆኖ የኖረ ገበሬ ስለዚያው ዘውድ ያለው ትዝታ ከበሮ የሚያስመታ አይደለም፤ ጃማይካ ሰፈርን የከበቡት የኦሮሞ ገበሬዎች ልጆች የአባቶቻቸውን የሲሶና የእርቦ ታሪክ ያውቃሉ። አዛውንቱ ይህን መጀመሪያ የሰሙት ከጎረቤታቸው እንደሆነ፣ መስማቱም እንደከበዳቸው፣ ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው በአፋን ኦሮሞ አፋቸውን ፈትተው ከዚያው ጎረቤት ልጆች ጋር እንደሚያድጉ ነገሩኝ። ምልክትን የወደደ ሰው በምልክቱ ሥር የኖረውንም ሕዝብ የማዳመጥ ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ እኚህ ሰው ያንን ግዴታ ተወጥተዋል።

ወደ ዋናው መንገድ ስወጣ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አንድ የጎብኚዎች መኪና ቆመ፤ ከውስጡ የወረደ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሰው ሠራሽ ድሬድ የተሰፋበትን የሹራብ ቆብ ከሻጩ ተቀብሎ አጠለቀና በጣቶቹ ሲጋራ የያዘ መስሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምላሱን አውጥቶ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ቆቡን መልሶ ሄደ። የማኅበረሰቡ አባል የሆኑ አንዲት እናት ከበራቸው ላይ ቆመው ሁሉንም አዩ።

ያ ፀጉር ምን እንዳስከፈለ ወጣቱ አያውቅም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1954 የጃማይካ ፖሊስ ከራስታ እምነት ቀደምት ሰባኪዎች አንዱ የሆኑት ሊዮናርድ ሃወል የመሠረቱትን ፒናክል የተባለ የራስታዎች መንደር አፈራርሷል። በሚያዝያ 1963 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኮራል ጋርደንስ በተባለው የጃማይካ ስፍራ ከተፈጠረው ግጭት በኋላ ራስታዎች በጅምላ ታስረዋል፣ ተደብድበዋል፣ ፀጉራቸውም በግድ ተላጭቷል፤ የጃማይካ መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሬጌ ወድዶ ፀጉሩን የሚያሳድገውን ልጅ አልወቅስም፤ ማንም ሰው ከሚወደው ነገር ይማራል፣ ይለወጣልም። የሰው መከራ ያረፈበትን ነገር ባለቤቶቹ በር ላይ መሣለቂያ ማድረግ ግን ነጠቃ ነው፤ ይህን ያደረገው ሰው ቀለም ጥቁር መሆኑም፣ ኢትዮጵያዊ መሆኑም ጥፋቱን አያቀልለትም።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ራሳችንን እንደ ተበዳይ ባለቤት ብቻ ማየት ለምደናል፤ ሰንደቃችንን፣ አንበሳችንን፣ ንጉሣችንን ወሰዱ እንላለን። እነርሱ ለእኛ ያላቸውን ፍቅር ግን እኛም ተጠቅመንበታል። በ1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር ዓለም ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ተመለከተ፤ እኛም ኮራን። በዚያው ጊዜ ሻሸመኔ ውስጥ ብዙዎቹ ሕጋዊ መኖሪያ ፈቃድ አልነበራቸውም፤ እዚሁ ተወልደው ሌላ አገር የማያውቁት ልጆቻቸውም ሳይቀሩ ወረቀት አጥተው ይቸገሩ ነበር። የሰውን ፍቅር ለክብራችን እየተጠቀምን ሰውየውን ራሱን ደጅ ማቆማችን ከቆቡ ፎቶ በምን እንደሚሻል ሊገባኝ አልቻለም። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። አዛውንቱ የእርሳቸውን ወስደዋል፤ አሁን የሚያሳስባቸው የሠሩትን ቤት በሕግ ለልጃቸው ማውረስ ነው፤ ለዚህም የይዞታ ማስረጃ እንዲሰጣቸው እየጠየቁ ነው።