ፖሊስ ለምን «አር» ሆነ?

እሑድ ማታ ኳስ ልከፍት ስል የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ሰባተኛ ክፍል ናት። «ጋሼ፣ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ አለኝ።» ሪሞቱን አስቀመጥኩ። በቤታችን እንግሊዝኛ አዋቂው እኔ ነኝ። ነበርኩ።

ክፍት ቦታውን «ኢዝ» ወይም «አር» ብለሽ ሙዪ ነው፤ «ኢዝ» ለነጠላ፣ «አር» ለብዙ። አምስት ጥያቄ።

«ዘ ፖሊስ» ይላል አንደኛው። «ኢዝ በዪ» አልኳት። እኛ ሰፈር አንድም ይሁን አሥር «ፖሊስ መጣ» ነው የሚባለው። ከዚያ ሁሉም ሰው ይበተናል። «ዘ ኒውስ»? መጨረሻው ላይ ኤስ አለ፤ «አር»። «ኤ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ»? ኤ ማለት አንድ፤ «ኢዝ»። «ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ» ሲመጣ ደግሞ፣ መምህር ያንኑ መልስ ሁለቴ አይጠይቅም ብዬ «አር» አልኩ። በማትሪክ ያሻገረችኝ ዘዴ ናት።

«አወር ቲም» የሚለውን ግን እንኳን ነቅቼ ተኝቼም አልስተውም። የእንግሊዝ ኮሜንታተር ቅዳሜ ቅዳሜ «አርሰናል አር» ሲል ነው ያደግኩት። «አር!»

ማክሰኞ ደብተሩ ተመለሰ። ዜሮ ከአምስት።

አራቱን ዋጥኳቸው። ቲሟ ግን አንገበገበችኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

«ቲቸር፣ እንግሊዞች እኮ ቲምን አር ይላሉ።»

«ይላሉ፤ አሜሪካኖች ናቸው ኢዝ የሚሉት። እሺ፣ እሷን አርምላታለሁ» አለችኝ ሳትከራከር። «ፖሊስ ግን እዚያም እዚያም አር ነው። ‹ኤ ነምበር ኦፍ› አር፣ ‹ዘ ነምበር ኦፍ› ኢዝ። እርስዎ ገልብጠውታል።»

ገልብጠውታል! «ይኸው፣ እኔ አንድ ሰውዬ ነኝ፤ ምነው በብዙ ቁጥር ጠሩኝ?»

«እሱማ ለአክብሮት ነው» ብላ ሳቀች።

የእህቴ ልጅ ለካ ከበሩ ጀርባ ታዳምጣለች። ወደ ቤት ስንሄድ «ገባኝ ጋሼ! ፖሊስ አር የሆነው ስለሚከበር ነው» አለች።

አሰብኩት። ከሰዋስው መጽሐፉ የተሻለ ገባኝ። «ልክ ነሽ» አልኳት።

«ኒውስስ ለምን ኢዝ ሆነ?»

«ዜናን ደግሞ ማን ያከብረዋል?»

ፈተናው ላይ «ምክንያቱን ግለጹ» የሚል ነበረበት አሉ። ያልኳትን አንድም ሳታስቀር ጽፋለች። ዛሬ ጠዋት ከትምህርት ቤት ወረቀት ደረሰኝ፦ «ነገ 3 ሰዓት ይቅረቡ።»

አሁንም በብዙ ቁጥር።