እሳቸው መስኮት ዘጉ፣ እኔ ደመወዝ ቆረጥኩ

«ሐኪም ነሽ እንዴ?»

ይህቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የተናገሩኝ የክፍላችን ኃላፊ ናቸው። እጄ የመስኮቱ እጀታ ላይ ነበር። አራት ነን፣ ሁላችንም ማስክ አድርገናል፤ ግን ሰው በማስክ ውስጥ ሲስቅ ዓይኑ ያሳብቅበታል። ሁለቱ ሳቁ። እኔ እጀታውን ለቅቄ ተቀመጥኩ።

ይህ የሆነው ወደ ቢሮ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ከጠራው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ላፕቶፓችንን ተሸክመን ወደየቤታችን ተላክን። ለጥቂት ሳምንት የተባለው ወራት ፈጀ። ሥራዬ ፔይሮል ነው፣ የሠራተኛው የደመወዝ ዝርዝር። እሱን ከቤት ማዘጋጀት ምን እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። የትርፍ ሰዓት ፎርሙ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ይመጣል፣ ግማሹ አይነበብም። ደውለህ ስትጠይቅ ሰውየው ስልክ አያነሳም። ልጄ ደግሞ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትምህርቱን ይከታተላል። ስብሰባ ላይ ማይኩን ሳልዘጋው ቀርቼ «እማዬ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» ሲል ሁሉም ሰምቶታል። ሃምሳ ስድስት ብሎ የመለሰለት የኦዲት ኃላፊው ነው።

እናቴ አብራን ነው የምትኖረው። ከሰባ አልፋለች፣ ስኳርም አለባት። ስለዚህ እኔ ቤት ኮቪድ የዜና ወሬ ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን ከውጭ የገባውን ሁሉ አጥብ ነበር። ፌስታል፣ ቁልፍ፣ የጫማ ሶል፣ የቀረ የለም። እጄ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ ኪቦርዱ ላይ ያመኝ ነበር። ከዚያ በጁላይ 2020 ነው መሰለኝ ያነበብኩት፣ 239 ሳይንቲስቶች ቫይረሱ በአየር ላይ ተንሳፍፎ እንደሚተላለፍ ትኩረት ይሰጠው ብለው ደብዳቤ ጻፉ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልኬ አንብቤ ጨረስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፌስታል ማጠቡን ተውኩትና መስኮት መክፈት ጀመርኩ። እናቴ ብርድ ልብስ ደርባ «በቤቴ ሜዳ ላይ አዋልሽኝ» ትላለች። እከፍታለሁ።

ቢሮ ስንመለስ በሁለት ፈረቃ ተከፈልን። በር ላይ ግንባራችን ላይ ሙቀት መለኪያ ይደገንብናል። ወለሉ ላይ በየአንድ ሜትሩ ቢጫ መስመር ተለጥፏል። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ መሃል ፕላስቲክ ቆሟል፣ ጠዋትና ማታ ይረጫል። የለፉበት ነገር ነው፣ አልክድም። መስኮቱ ግን እንደተዘጋ ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ልክፈተው» አልኩ።

«ወረቀቱ ይበተናል።»

«ማህተሙን እጭንበታለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ በር ላይ ሙቀታችን ተለክቷል። ጠረጴዛው ተረጭቷል። መሃላችን ፕላስቲክ ቆሟል። ሌላ ምን ይደረግልሽ?»

ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሰው ትኩሳት ሳይኖረው፣ ምልክቱም ሳይታይበት ሊያስተላልፍ እንደሚችል ነገርኳቸው። ፕላስቲኩ ፊት ለፊት የሚፈናጠረውን ምራቅ ያግዳል፣ ክፍሉ ውስጥ ሲዞር የሚውለውን አየር ግን አያግድም አልኩ። ሳልጨርስ ነው «ሐኪም ነሽ እንዴ?» ያሉኝ።

ማታ ቤት ስገባ መልሱ በላይ በላዩ መጣልኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ እናት ግን አለችኝ ማለት ነበረብኝ። ሐኪሞቹ የሚሉትን ነው የነገርኩዎት ማለት ነበረብኝ። ዕቃ እያጠብኩ ብቻዬን ሳወራ ልጄ ሰማኝና «ከማን ጋር ነው?» አለኝ። በጣም ነበር የከፋኝ። የመስኮቱ ነገር አልነበረም የከፋኝ። የሰዉ ሳቅ ነው።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ፔይሮል መዝጊያ ነበር። በዕድሜ የሁላችን ታናሽ የሆነችው ልጅ እያሳለች ገባች። ደረቅ ሳል ነው። በር ላይ ሙቀቷ 36.6 ብሎ አሳልፏታል። ስለዚህ በዚያች በተዘጋች ክፍል ከጠዋት እስከ ማታ ስም ከሒሳብ ቁጥር፣ ሒሳብ ቁጥር ከተከፋይ እያመሳከርን አብረን ዋልን። እሷ ትጠራለች፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ቁጥር በጠራች ቁጥር ታስላለች። ምሳ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ላይ ጠብቄ «ለምን ቤትሽ አልዋልሽም?» አልኳት። ድምፄም ደህና አልነበረም።

አቀረቀረች። «ባለፈው ወር ሦስት ቀን ቆርጠሽብኝ የለ» አለች። «የቤት ኪራይ ነው የጎደለብኝ።»

እውነቷን ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መመሪያው የሐኪም ወረቀት ያላመጣ ይቆረጥበታል ይል ነበር። ያኔ ደግሞ በየቦታው የሚነገረው፣ ቀላል ምልክት ያለው ሰው ቤቱ ይቆይ፣ ጤና ተቋም አያጨናንቅ የሚል ነው። ታዲያ ቤቱ የተኛ ሰው ወረቀቱን ከየት ያመጣል? ይህን አልጠየቅኩም። አቴንዳንሱ ላይ ቀሪ የሚል አየሁ፣ በቅናሽ አምዱ 3 ቀን ብዬ አስገባሁ፣ ወደሚቀጥለው ስም ወረድኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ የፈጀብኝ አይመስለኝም። መስኮት ክፈቱ እያልኩ የምሟገተው ሰው፣ ልጅቷን ከነሳሏ አምጥቼ ክፍሉ ውስጥ ያስቀመጥኳት እኔው ሆንኩ።

መልስ አልሰጠኋትም። ተመልሰን ገብተን ዝርዝሩን ጨረስነው።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጠዋት ልወጣ ስል እጄ ላይ ሳኒታይዘር አደረግኩ። ሽታ የለውም። ጠርሙሱን ገልብጬ አየሁት፣ ያው ነው። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፣ ውሃ። ያ አፍንጫ የሚሰብር አልኮል ውሃ ሆኖብኛል። ሙቀቴን ለካሁ፣ 36.5 ነበር። ያን ቀን ቢሮ ብሄድ መለኪያው ሰላም ብሎ ያስገባኝ ነበር።

መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ሳህኑ በር ሥር ይቀመጣል፣ ልጄ አንኳኩቶ ይሮጣል። እናቴ በየጠዋቱ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማ «መስኮቱ ተከፍቷል?» ትለኛለች። ያቺ ብርድ ገደለኝ ስትል የነበረችው ሴት። «ተከፍቷል» እላለሁ። «የእኛንም ከፍተነዋል» ትለኛለች። እናቴ አልተያዘችም። በመስኮቱ ይሁን፣ በበሩ ይሁን፣ በፈጣሪ ቸርነት፣ እኔ ማወቅ አልችልም።

ከክፍላችን ሦስታችን ተገኘብን። የባሰባቸው ጋሼን ነው፣ ኦክስጅን ላይ ሰንብተዋል። የሆስፒታላቸውን ዜና የምንሰማው በልጃቸው በኩል ነበር። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይመታል። ቂሜ የት እንደገባ አላውቅም።

ሲመለሱ ከስተዋል፣ ደረጃውን በሁለት ዕረፍት ነው የወጡት። «እንኳን ማረዎት» ብለን ተነሳን። ወንበራቸው ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ወደ መስኮቱ ሄዱና ከፈቱት። ወረቀቶቻቸውን ሰበሰቡ፣ የማህተሙን ሳጥን አነሱ፣ ላዩ ላይ አስቀመጡ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ትክክል ነበርሽ እንዲሉኝ ጠብቄያለሁ። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። አላሉኝም። ይህን ስጽፍም ትንሽ ይቆረቁረኛል።

ስለ ቅናሹ ማስታወሻ ጻፍኩ። የታመመ ሰው በስልክ አሳውቆ ቤቱ ይቆይ፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ወረቀት አይጠየቅ የሚል። ሁለት ጊዜ «ይታይ» ተብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ጋሼም አብረውኝ ፈረሙ፣ ጸደቀ። የልጅቷን ሦስት ቀን በተመላሽ አምድ አስገባሁላት።

ደመወዝ የገባ ዕለት ማታ ደወለችልኝ።

«ተሳስተሽ ነው መሰለኝ፣ ገንዘቡ በዝቷል።»

«አልተሳሳትኩም» አልኳት። «ያን ጊዜ የቆረጥኩብሽ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። «እኔ እኮ ኪራዩን ተበድሬ ከፍዬዋለሁ» አለች። «ገና ዕዳውን አልጨረስኩም።»