ቤቴ ነይ እንጫወት

ቲያንጂን ላይ ብርዱ ጠንክሯል። ትናንት ማታ ከቻይናዊቷ ጓደኛዬ ጋር ላይብረሪ ቁጭ ብለን አመሸን። ከእኔ በሁለት ዓመት ስለምታንስ «ሹዌጂዬ» ነው የምትለኝ፤ በትምህርት የምትቀድመኝ እህቴ እንደማለት ነው። በዚህ ወር አራተኛውን ደረጃ የዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ፈተና ትወስዳለች። ጭንቀቷ ከፊቷ ይነበባል።

ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። ገጹ አናት ላይ አንድ ቃል ብቻ፦ ፕሌይ። ከሥሩ በእርሳስ የተጻፉ የቻይንኛ ፊደላት ተደርድረዋል። ቆጠርኳቸው፤ ዘጠኝ ናቸው።

«ሹዌጂዬ፣ ዋናው የቱ ነው?» አለችኝ።

ወዲያው መልስ አላገኘሁም። ፕሌይን ሕፃን ሆኜ ነው የተማርኩት። መጫወት ተብሎ ተነገረኝ፣ አለቀ። ለእሷ ግን አላለቀም። ቻይናዊ ቅርጫት ኳስ መጫወትን «ዳ» ይላል፤ ይመታዋል። እግር ኳስን «ቲ»፤ በእግሩ ይለጋዋል። ፒያኖ ሲሆን «ታን»፣ ዋሽንት ሲሆን «ቹዌይ»፣ ማለትም ይነፋዋል። ቼዝ ደግሞ «ሺያ» ነው፤ ጠጠሩን ወደ ሰሌዳው ማውረድ። ፊልም ላይ ሌላ ሰው ሆኖ መሥራት «የን»። ቪዲዮ ማጫወት «ፋንግ»፤ ቃል በቃል «መልቀቅ» ነው። እኛስ «እስኪ ዘፈኑን ልቀቂው» እንል የለ!

ኤርሁ የሚባለው ባለ ሁለት አውታር መሣሪያቸው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። እሱን «ላ» ይሉታል፤ ይጎትቱታል። ማሲንቆ ትዝ አለኝ። እኛም ማሲንቆውን እንገዘግዛለን፣ ክራሩን እንደረድራለን፣ ከበሮውን እንመታለን፣ ዋሽንቱን እንነፋለን። እጅ የሚሠራውን ቃሉም ይናገራል። እንግሊዝኛ ግን ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ ከትቶ አሰረው። እሷ ደግሞ አንቀጽ ባነበበች ቁጥር ከረጢቱን ፈትታ ከዘጠኙ አንዱን መምረጥ አለባት። ሰዓት እየሄደባት።

ከሁሉ የከበዳት ግን ከዘጠኙም ውስጥ አልነበረም። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ናት። አንድ ጽሑፍ ላይ መሪው «ፕሌይ» አለው የሚል አግኝታ ሁለት ቀን ተቸግራለች። የመኪና መሪ ምን ይጫወታል?

ይኼን እንኳ አወቅኩት! አገር ቤት መንጃ ፈቃድ ሳወጣ አሰልጣኛችን መሪውን በሁለት ጣቱ ግራና ቀኝ ወዝወዝ እያደረገ «ይኼ የመሪ ጨዋታ ይባላል» ብሎን ነበር። ጎማው ሳይዞር መሪው ብቻውን የሚንቀሳቀስባት ትንሽ ክፍተት ናት። የፍሪሲዮኑም ፔዳል ነፃ ጨዋታ አለው። በብዕሯ ክዳን እያሳየሁ አስረዳኋት። ዓይኗ በራ። «ጂየንሺ!» አለች። በቻይንኛ ክፍተት ማለት ነው። አሥረኛ መስመር ጨመረች።

ከዘጠኙ መጨረሻ ላይ «ዋን» አለ። ይሄኛው እውነተኛው መጫወት ነው፤ ፊደሉ በግራ ጎኑ የጄድ ድንጋይን ምልክት ተሸክሟል። እዚህ ላይ ድምጿ ዝቅ አለ። አንድ ጊዜ ድርሰቷ ላይ ጓደኛዬን «ቤቴ ነይና እንጫወት» አልኳት ብላ በፕሌይ ጽፋ፣ መምህሩ በቀይ ሰርዞባታል። እንዲህ የሚባለው ለሕፃን ነው ብሏት። በቻይንኛ ግን «ዋን» ትልቅ ትንሽ አይልም። የሃምሳ ዓመት ሰውም ወዳጁን ቤቴ ና እንጫወት ይለዋል።

መምህሩ ልክ ነው፤ ጎልማሳ እንግሊዝ እንደዚያ አይልም። እኔን ግን ከፋኝ። የእናቴ ቤት ትዝ አለኝ። እንግዳ ዝም ካለ «ተጫወቱ እንጂ» ትላለች። ጨዋታ ማለት ወሬ ነው፣ አብሮ መቀመጥ ነው፣ ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ አለመነሳት ነው። ይህች ልጅ ያለ ምንም አስተርጓሚ ነው የገባችኝ። ለፈተናው መምህሩ ያላትን ትጻፍ። ለእኔ ግን እንዳታርመው ለመንኳት።

ዛሬ ጠዋት በዊቻት መልእክት ላከችልኝ። ከፈተናው በኋላ ቤቷ ሄጄ እንድንጫወት ነው፤ ፕሌይ ብላ፣ ሳትቀይረው። እናቷ የሱፍ ፍሬ ገዝታ አስቀምጣለች አሉ።