ቻርጅ ያለቀበት ክርክር

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ዲቤት ክለብ ገባሁ። ብዙ ጊዜ ሞሽኑ፣ ማለትም የምንከራከርበት ሐሳብ፣ የሚነገረን ክርክሩ ሊጀመር 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ያን ሳምንት ግን ቀደም ብለው ሰጡን፦ «በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ትክክል ነው።» በ2016 ዓ.ም. የመጣው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ይግባ ያለው እገዳ መሆኑ ነው። ደጋፊ እንሁን ተቃዋሚ ግን በዕለቱ በዕጣ ስለሚለይ ለሁለቱም መዘጋጀት ነበረብን።

የቡድን አጋሬ «ወረቀት ላይ ጻፈው» አለችኝ።

«በዚህ ዘመን?» አልኳት። ሁሉንም ስልኬ ላይ ጻፍኩ።

ክርክሩ ሊደርስ አንድ ሌሊት ሲቀረው ዶርማችን መብራት ጠፋ። ጨለማ ውስጥ ተጋድሜ «አገራችን የኃይል ችግር የለባትም፤ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት ነው» እያልኩ እጽፋለሁ። የዶርም ጓደኛዬ ደግሞ ሽንት ቤት በሄደ ቁጥር ስልኬን ለባትሪ ይዋሰኛል። ሆዱን አሞት ነበር መሰለኝ፣ አራቴ ሄደ።

ጠዋት ስልኬ 11 ፐርሰንት ላይ ነው። ለ7 ደቂቃ ንግግር መች ያንሳል ብዬ ገባሁ። ዕጣው ደጋፊ አደረገን።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ቀወጥኩት። ለነዳጅ ስለሚወጣው ዶላር፣ ከጅቡቲ ስለሚመላለሰው ቦቴ፣ ከራሳችን ወንዝ ስለምናገኘው መብራት... ዳኞቹ ሲጽፉ አያለሁ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከተቃዋሚ ወገን አንዷ እጇን ዘርግታ ተነሣች። ጥያቄ አልቀበልም ማለት እችላለሁ፤ ሕጉ ይፈቅዳል። እኔ ግን ሞቅ ብሎኛል።

«እሺ እህቴ፣ ቀጥይ።»

«ሹፌሩ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ቻርጅ ቢያልቅበትስ?»

ይቺን ጥያቄ ጠብቄያት ነበር። መልሱን በሦስት ነጥብ ጽፌዋለሁ።

«መልሱ በጣም ቀላል ነው» አልኩና ጎንበስ አልኩ። ስልኬ አንዴ ነዘረ። ጠፋ።

«መልሱ...» ቁልፉን ተጫንኩት። የጥቁሩ ስክሪን ላይ የራሴ ፊት ብቻ ነው የሚታየው። «በጣም ቀላል ነው።»

ከኋላ አንዱ «ግፉት!» ብሎ ጮኸ።

አዳራሹ ተናጋ። ሰዓት ያዡ እንኳ ይስቃል። አጋሬ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታለች፤ ቀጥላ የምትናገረው እሷ ናት እኮ! የቀረኝን ጊዜ ስለ ንጹሕ አየር አወራሁ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ፣ ስለ አየር!

ዳኛው አስተያየት ሲሰጡ «የተቃዋሚን ነጥብ የደጋፊው ተናጋሪ በተግባር አሳይቶልናል» አሉ። እየሳቁ አይደለም የተናገሩት፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ስንወጣ ያቺ ጠያቂዬ አዘነችልኝ መሰለኝ ፓወር ባንኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ሰካሁት። ጠበቅኩ። ምንም የለም።

ለካ የሴቶቹም ዶርም ሌሊቱን መብራት አልነበረም።