«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እርሳስ ይዘን ስናነበው

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅር መጽሐፍ ነው ወይስ የሥርዓት? አራት ኪሎ ቡና ስንጠጣ ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ማንም ማንንም ሳያሳምን እንለያይ ነበር። ሂስ ያነበቡት ስለ ባላባትና ገባር ያወራሉ፤ ሌሎቹ ስለ ባላባቱ ልጅ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ ፍቅረኛዋ ስለ በዛብህ። በመጨረሻ ክርክሩን ትተን መጽሐፉን አብረን እንድናነብ ለመንኳቸው። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፦ ማንም ሐሳቡን ከመናገሩ በፊት ልቡን የነካውን ቦታ በእርሳስ አስምሮ ይመጣል፤ ጮክ ብሎም ያነብልናል።

እኔ ጎን ለጎን ስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጥኩ ሃያስያን የጻፉትን አነብ ነበር፤ የሚጠቅሷቸውን ቦታዎችም በደብተሬ እይዛለሁ። ደጋግሞ የሚመጣው የዘመኑን ሥርዓት የሚነቅፈው የጉዱ ካሳ ንግግር ነው፤ ቀጥሎ የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬዎቹ ጋር የገቡበት ጠብ። ምክንያቱ ይገባኛል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ አብዮቱ በ1966 ፈነዳ። ከአብዮቱ ወዲህ ቆሞ ወደ ኋላ ለሚያነብ ሰው ጉዱ ካሳ መጪውን ቀድሞ ያየ ሆኖ ይታየዋል።

የጓደኞቼ እርሳስ ግን ሌላ ቦታ ነበር። በዛብህ ሰብለን የሚያስተምርበት ክፍል በብዙዎቹ መጽሐፍ ላይ ተሰምሮበታል። አንዷ እኅታችን መጽሐፉን መጀመሪያ ያወቀችው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። የሬዲዮ አድማጭ ገጽ ገልጦ መጨረሻውን አያይም፤ ሁለቱ ምን ይሆኑ እያለ እስከሚቀጥለው ትረካ ይጠብቃል። ሃያሲው መጨረሻውን አውቆ ነው የሚጀምረው። ልዩነቱ ከዚህ የሚነሣ ይመስለኛል እንጂ አንዱ አዋቂ ሌላው የዋህ ስለሆነ አይደለም።

ከሁሉ ያስደነቁኝ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ያለፉ አንድ አባት ናቸው። ያሰመሩት ገና መጀመሪያው ላይ፣ የበዛብህ እናት ልጇን ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችበትን ነው። «ልጄ፣ እናንተ በዛብህን የደሃ ልጅ ትሉታላችሁ፤ እኔ የስለት ልጅ ነው የምለው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ፍቅሩን ሳነብ የፊታውራሪ የዘር ኩራት ብቻ ሳይሆን የእናቲቱም ቃል በልጁ ላይ ሲከብድ ይታየኝ ጀመር። በደብተሬ ከያዝኳቸው ቦታዎች መካከል ይህ አልነበረም።

እንዲህ ማንበብ ለሚፈልግ የምመክረው ልቦለዱን ከሂሱ እንዲያስቀድም ነው። ሂሱን ቀድመው ያነበቡት ጓደኞቻችን ያሰመሩት ሃያስያኑ የጠቀሱትን ነበር፤ የራሳቸውን ለማግኘት ብዙ ደከሙ። ደግሞም «ምን ተሰማህ» ከማለት «የቱ ጋ» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቦታውን ሲያሳይ ሰው ለመርታት አይቸኩልም፤ እኛም አብረነው እናነባለን።

ዳኛ ግን አላቆምንም። ሁለቱም ወገን ያሰመሩበት አንድ ቦታ አገኘን፤ መቃብሩ። ደራሲው በዛብህንና ሰብለን ብቻ አይደለም አንድ ላይ የቀበራቸው፤ ጉዱ ካሳም አብሯቸው ነው። መጽሐፉ የፍቅር ብቻ ቢሆን ካሳ እዚያ ምን ይሠራል? የሥርዓት ብቻ ከሆነስ ለምን ከፍቅረኞቹ ጋር ተቀበረ? አሁን የምንከራከረው በዚህ ነው።