«እናቴ፣ መታወቂያ ይዘዋል?»

ትናንት ማታ፣ በ62 ዓመቴ፣ ዕድሜሽን አስመስክሪ ተባልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ እራት ጠርታኝ ነበርና ባዶ እጄን ከምሄድ ብዬ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ልገዛ ሱፐርማርኬት ገባሁ። እኔ ራሴ መጠጥ ላይ እስከዚህም ነኝ፣ ግማሽ ብርጭቆ ከያዝኩ ጨዋታው እስኪያልቅ ይበቃኛል። ወረፋ ያዝኩ። ተራዬ ደረሰ። ጠርሙሱን አስቀመጥኩ፣ ማሽኑ ጢጥ አለ፣ ሒሳብ የሚቀበለው ልጅ ቀና እንኳ ሳይል «እናቴ፣ መታወቂያ ይዘዋል?» አለኝ።

ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ ነው። ከኋላዬ የቆሙትም አብረውኝ የሚስቁ መስሎኝ ዞር ብዬ ሁሉ አየሁ። ማንም አልሳቀም። ልጁም እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

እስቲ አስቡት። «እናቴ» ነው ያለኝ። «ይዘሻል» እንኳ አላለኝም፣ «ይዘዋል» ነው ያለው። በአማርኛ አንድ ሰው አንቱ ከተባለ እኮ ዕድሜው ተጣርቶ ያለቀ ጉዳይ ነው! ምላሱ መስክሮልኝ ሲያበቃ እጁ ደግሞ ካርድ ይጠይቀኛል። አንቺ ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ግድ አልነበረኝም፣ መብራቱ አሳስቶት ነው እል ነበር፣ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ለአንድ ወር የማወራው ወሬ አገኝ ነበር። እናቴ ብሎ ልጅ አለመሆኔን አረጋግጪልኝ ማለት ግን ምን የሚሉት ነገር ነው?

ቦርሳዬን መበርበር ጀመርኩ። መጀመሪያ የወጣው የመነጽሬ ቤት ነው፣ ባዶውን። (መነጽሩ ለካ ጭንቅላቴ ላይ ነበር።) ቀጥሎ የደም ግፊት ኪኒኔ። ቀጥሎ የልጅ ልጄ የፀጉር ማስያዣ። ሁሉንም አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ስደረድር፣ ወይ ጉድ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል እያልኩ ነው። በመጨረሻ መታወቂያው ከታች ወጣ። ልጁ ተቀበለኝ፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አውራ ጣቱን ጥጉ ላይ አሳርፎ አነበበና «ጊዜው አልፎበታል፣ እናቴ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከሁለት ወር በፊት አልፎበታል። መኪና መንዳት ካቆምኩ ወዲህ መታወቂያ የሚጠይቀኝ ሰው ስለሌለ የማደስ ነገር ትዝም ብሎኝ አያውቅ።

«የኔ ልጅ፣ ካርዱ አረጀ እንጂ እኔ እኮ ወደ ኋላ አልተመለስኩም» አልኩት። ካርዱ ላይ የተጻፈው የትውልድ ቀን ከሁለት ወር በፊት ልክ ከነበረ ዛሬም ልክ ነው፣ ይሄ ሒሳብ እንኳ አይደለም። እሱ ግን «ይቅርታ፣ አልችልም» ብሎ ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ሥር አስገባው። እንደተያዘ ዕቃ። ትንሽ ጮህኩ መሰለኝ።

ከኋላዬ የነበሩት ሽማግሌ ወደ 80 ይጠጋሉ። ከዘራቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ሁለት ጠርሙስ ቢራ ይዘዋል። በሌላው እጃቸው ደግሞ መታወቂያቸው፣ በሁለት ጣት መሐል፣ ገና ሳይጠየቁ። ልጁ አየት አድርጎ መለሰላቸው፣ ከፍለው ወጡ። በሩ ጋ ስንገናኝ «ልጄ፣ እኔ አንዴ እንዳንቺ ሆኜ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ወረፋው ውስጥ እያለሁ ነው የማወጣው» አሉኝ። እሳቸው ልጄ ሲሉኝ ግን ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ጓደኛዬ ቤት ባዶ እጄን ሄድኩ። እራቱ ላይ ታሪኩን ሳወራ ሁሉም ሳቀ፣ አንዷ «ታድለሽ፣ እኔን ማን በጠየቀኝ» አለች። ሰው ሁሉ የሚለው ይሄንን ነው፣ እንደ ሙገሳ ቁጠሪው። እንዴት ነው ሙገሳ የሚሆነው? ልጁ እኮ አላየኝም! አይቶኝ ወጣት ብመስለው ነው ሙገሳ የሚባለው። እኔን የከነከነኝም ይኸው ነው። ሽበቴን ቀለም ሳልቀባ ይዤው እየዞርኩ፣ ለመታየት እኮ ነው፣ አንድ ሰው ፊት ቆሜ ፊቴ ምንም ሳይናገር ሲቀር ይከፋል።

ማታ ለልጄ ደወልኩላት። ተማሪ እያለች ሒሳብ ተቀባይ ሆና ሠርታለች።

«እማ፣ ጮህሽበት እንዴ?»

«አልጮህኩም።»

«እማ።»

«ትንሽ።»

ከዚያ ከስንት ዓመት በኋላ ያልነገረችኝን ነገረችኝ። ለካስ ተቆጣጣሪዎች ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችን ሆነ ብለው ይልካሉ። ልጁ እንደማንኛውም ሰው ገብቶ ቢራ ያነሳል፣ ወረፋ ይይዛል፣ ከሸጥሽለት ውጭ የቆመው ሰውዬ ገብቶ ስምሽን ይመዘግባል። ቅጣቱ ለሱቁ ብቻ አይደለም፣ የሸጠውም ሰው በስሙ ይቀጣል፣ ሥራውንም ሊያጣ ይችላል። «አንዴ 16 ይሆናታል ብዬ የጠየቅኳት ልጅ የሁለት ልጆች እናት ሆና ተገኘች» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ዓይኔን አላመንኩትም፣ ሁሉንም መጠየቅ ጀመርኩ። ሽማግሌ ስጠይቅ ግን አፍር ስለነበር ፊታቸውን አላይም ነበር።»

ይቺን የመጨረሻዋን ስትል ዝም አልኩ።

ጊዜው ያለፈበትን ካርድ ጉዳይም ጠየቅኳት፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ አሁንም ትክክል ነኝ ብዬ አምናለሁ። «ትልቋ እህት አዲስ ካርድ ስታወጣ አሮጌውን ለትንሿ ትሰጣታለች፣ ፊታቸው ይመሳሰላል፣ ስለዚህ አሮጌ ካርድ አንቀበልም» አለችኝ። እሺ፣ ለ17 ዓመቷ ልጅ ይሁን። የእኔን አሮጌ ካርድ ግን የትኛዋ ትንሽ እህቴ ናት ይዛ የምትመጣው? ትንሿ እህቴ 57 ዓመቷ ነው።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለካስ ይሄ ነገር እኔ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1984 በወጣ ሕግ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ክፍለ ግዛት ለመንገድ ሥራ የሚሰጠው የፌዴራል ገንዘብ ይቀነስበታል ተባለ። በ1988 ሁሉም 21 ላይ ደርሰዋል። ገንዘብ ሲነካ ሰው ሕግ ቶሎ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ማን ነው 21 የሞላው የሚለውን የማጣራቱ ሥራ ያረፈው ጠረጴዛው ጋ በቆመው ልጅ ላይ ነው።

ኢንዲያና የምትባለው ክፍለ ግዛት በ2010 ከሱቅ መጠጥ ገዝቶ የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ የ90 ዓመት አዛውንትም ቢሆን፣ መታወቂያ ያሳይ ብላ ነበር። ዓመት ብቻ ነው የቆየው። በ2011 ተሻሻለና ከ40 በታች የሚመስል ብቻ ይጠየቅ ተባለ። ቴነሲ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ቢራ ገዝቶ የሚወጣውን ሁሉ ስትጠይቅ ቆይታ፣ ኋላ ላይ ከ50 በላይ የሚመስለውን ትታዋለች። እዚህ ጋ እንግዲህ ሌላ ጣጣ አለ። ከ50 በላይ «የሚመስል»! አሁን ደግሞ ልጁ ፊቴን አትኩሮ አይቶ፣ አይ እርስዎስ ይለፉ ሊለኝ ነው። 49 ዓመቷ ሆኖ ሳትጠየቅ ያለፈችውን ሴት አስቧት። ቤቷ ገብታ ወይኑን ብቻዋን ነው የምትጨርሰው።

ስኮትላንድ ከ2011 ጀምሮ ከ25 በታች የሚመስል ሁሉ እንዲጠየቅ በሕግ አስገድዳለች፣ መግዛት የሚፈቀደው ግን በ18 ነው። ይሄኛው ይገባኛል። የሰው ዓይን ሰባት ዓመት ሊሳሳት ይችላልና መተንፈሻ ሰጡት ማለት ነው። እኔ ግን 25ን ካለፍኩ 37 ዓመት ሆኖኛል። ማንም ዓይን ያን ያህል አይሳሳትም።

ያሳቀኝ የጃፓኑ ነው። እዚያ የሚፈቀደው በ20 ዓመት ነው። ትንንሾቹ ሱቆች ውስጥ ቢራ ስትገዛ ስክሪኑ «ዕድሜህ 20 ሞልቷል?» ይልሃል፣ አንተ በጣትህ አዎ የሚለውን ትነካለህ፣ አለቀ። ሽማግሌዎቹ በዚህም ይናደዳሉ፣ አይታይህም ወይ እያሉ ሻጩ ላይ ይጮሃሉ። ሳነበው ከፍራሼ ቀና ብዬ ሳቅኩ፣ እዚያ ብሆን እኔም ከነሱ ጋር ነበርኩ። የ15 ዓመቱ ልጅም እኮ አዎ የሚለውን መንካት አያቅተውም።

ብቻ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከሁሉም ይሻላል የምለው ያው ሁሉንም መጠየቅ ነው። እስከ 90 ዓመት። ሁሉም ከተጠየቀ ማንም አይሰደብም፣ ልጁም ማፈር አይኖርበትም። ለሽማግሌው ግን አሮጌ ካርድ ይቀበሉት። መንዳት ያቆመ ሰው፣ ፓስፖርቱን ያላሳደሰ ሰው፣ ካርዱን ለማደስ ሰው ደግፎት መሄድ ያለበት ሰው አለ። ለእሱ ችግሩ ክብር አይደለም፣ ልጆቹ ሲመጡ አንድ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አለመቻሉ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ተመልሼ ሄድኩ። ፓስፖርቴን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ እንደ ሽማግሌው በሁለት ጣቴ መሐል ይዤ። ያው ልጅ ነው ያለው። ያንኑ ወይን አነሳሁ፣ ወረፋ ያዝኩ፣ መነጽሬንም ዛሬ ዓይኔ ላይ አደረግኩት። ስደርስ ሳይጠይቀኝ ፓስፖርቱን ገልጬ ሰጠሁትና «ትናንት ጮኼብህ ከሆነ ይቅርታ» አልኩት።

«ኧረ ችግር የለም» አለ። ፓስፖርቱን አየ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ በልቡ ቀነሰ፣ ደመረ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ፣ ደህና አድርጎ፣ ከፎቶው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ፎቶው።

«ከአያቴ በአንድ ዓመት ብቻ ነው የሚያንሱት» አለኝ፣ ደስ ብሎት።

አያቴ! እናቴ ሲለኝ ቅር ያለኝ ሴትዮ! ፓስፖርቴን ከእጁ ወስጄ፣ ከፍዬ፣ ቀጥ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠራኝ።

«እናቴ፣ ወይኑን ረሱት!»