የጣት አሻራዬ ያለበት ታንክ

ዛሬ ከሶቪየቱ ቲ-34 ታንክ የፕላስቲክ ሞዴል ጋር ስታገል ዋልኩ። ልኬቱ 1 ለ 35 ነው፤ ከነመድፉ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይረዝም። ጎማዎቹ በየጎኑ 5 ናቸው። የእያንዳንዱን የላስቲክ ጠርዝ በቀጭን ብሩሽ ጥቁር ስቀባ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማጣበቂያው እንደ ውሃ ቀጭን ነው፤ ፕላስቲኩን እያቀለጠ ነው የሚያጣብቀው። ሾልኮ ጣቴ ስር ገባ። እጄን ሳነሳ፣ መድፉን የተሸከመው የላይኛው ክፍል ላይ አሻራዬ ቁልጭ ብሎ ታትሟል!

ግማሽ ሰዓት በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። የጠፋ መስሎኝ አረንጓዴውን ቀለም ስነፋበት እንደገና ብቅ አለ። ቀለም ጉድ አይሸፍንም ለካ፣ ጭራሽ ያጋልጣል። በመጨረሻ ጭቃ የሚመስል ቡናማ ለጠፍኩበትና ተገላገልኩ።

ጭቃው እዚያ ድረስ እንዴት ወጣ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።